መድኃኒቱን ብጀምር ፀጉሬ ባሰበት

የፀጉር መሳሳትን ለማከም መድኃኒት የጀመረ ሰው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ትራሱ ላይና መታጠቢያው ውስጥ ከበፊቱ የበዛ ፀጉር ሲያገኝ ጥያቄው አንድ ነው፤ «ላቁመው ወይስ ልቀጥል?» ስዊዘርላንድ በኖርኩባቸው ዓመታት፣ መጀመሪያ ጄኔቭ በኋላም ዙሪክ፣ ይህን ጥያቄ ከወንዱም ከሴቱም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ለወገኖቻችን ሐኪም ዘንድ አብሬ እየሄድኩ አስተረጉማለሁ፤ እኔም ራሴ ሚኖክሲዲል የተባለውን የሚቀባ መድኃኒት ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ስለዚህ ነገሩን እንደ አስተርጓሚም እንደ ታካሚም አይቼዋለሁ።

ጉዳዩ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። አንድ ሰው ለዕረፍት ሀገር ቤት ሲገባ ዘመድ አዝማድ ቀድሞ የሚያየው አናቱን ነው። «ምነው እንዲህ ተጎዳህ? ስደቱ ነው?» ይባላል። ሴት ከሆነች ደግሞ ጥያቄው በሹክሹክታ ይሆንና ይበልጥ ያማል። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው መድኃኒቱን በድብቅ ይገዛል፣ በድብቅ ይጀምራል፣ በድብቅም ይጥለዋል። ጄኔቭ የሚኖር አንድ ወዳጄ የሦስት ወር መድኃኒት ገዝቶ በስድስተኛው ሳምንት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተው። ይህን የነገረኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የሚያሳዝነው፣ መድኃኒቱን የጣለው አሮጌው ፀጉር ረግፎ ካለቀ በኋላ፣ አዲሱ ብቅ ከማለቱ በፊት ባለው ጊዜ ነበር። የሚከፈለውን ከፍሎ የገዛውን ሳይወስድ ሄደ ማለት ነው።

አጭሩ መልስ፣ መርገፉ የመጣው መድኃኒቱ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ወራት ውስጥ ከሆነና የራስ ቆዳው ጤነኛ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ማቆም አያስፈልግም የሚል ነው። ይሁን እንጂ «ይረግፋል፣ ያልፋል፣ ታገሥ» የሚለው ምክር ለሁሉም ሰው አይሠራም። ትዕግሥት ጨርሶ የማይመከርባቸው የፀጉር በሽታዎች አሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ የእኛን ሴቶች የሚመለከቱ ናቸው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁለቱን ለመለየት የሚረዳ ነው።

ፀጉር የሚረግፍበት ሥርዓት

በሰው ራስ ላይ በአማካይ 100,000 ገደማ ፀጉር ይበቅላል። እያንዳንዱ ሥር የራሱ የጊዜ ሰሌዳ አለው። ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል፤ ሐኪሞች ይህን ዘመን አናጄን ይሉታል። ከዚያም ሁለትና ሦስት ሳምንት በሚፈጅ መሸጋገሪያ ዕድገቱ ይቆማል። ቀጥሎ ቴሎጄን የሚባለው የዕረፍት ዘመን ይመጣል፤ ፀጉሩ ከእንግዲህ ባያድግም 3 ወር ያህል በሥሩ ተተክሎ ይቆያል። ዕረፍቱ ሲያበቃ ይወድቃል፣ በቦታው አዲስ ይነሣል። ጤነኛ ሰው በዚህ ሥርዓት በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍበታል። ሥሮቹ በአንድነት ስለማያርፉ ራሳችን ላይ ምንም የተለየ ነገር አይታይም።

በዘር የሚመጣው ራሰ በራነት ይህን ሰሌዳ ያዛባዋል። የዕድገቱ ዘመን በየዙሩ እያጠረ፣ ሥሩም እያነሰ ይሄዳል። ፀጉሩ እየቀጠነና እያጠረ ሄዶ በመጨረሻ ከሕፃን ፀጉር የማይለይ ይሆናል። በዚህ ጊዜ በሳሳው ቦታ ላይ ካሉት ሥሮች ከወትሮው የበዙት በዕረፍት ላይ ናቸው።

ሚኖክሲዲል የሚያደርገው ከሌሎች ሥራዎቹ ጋር እነዚህን ያረፉ ሥሮች ጊዜያቸው ሳይደርስ ወደ ዕድገት መመለስ ነው። ሥሩ ወደ ሥራ ሲገባ በላዩ ተቀምጦ የነበረው ያረጀ ፀጉር ይለቃል። በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ውስጥ በየተራው ሊወድቅ የነበረው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሰብስቦ ይወድቃል። ዙሪክ የኖረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። እዚህ በልማድ ቤት የሚለቀቀው በመጋቢትና በመስከረም መጨረሻ ነው፤ በእነዚያ ቀናት መንገዱ ሁሉ ፍራሽና ሶፋ ይሞላል። ለእንግዳ ከተማው ተሰዶ የሚወጣ ይመስለዋል። ዕቃው የሚወጣው ግን ሌላው ተከራይ ስለሚገባ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ መርገፍ ስም የተሰጠው በቅርብ አይደለም። አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም አልበርት ክሊግማን በዕረፍት ላይ ያለ ፀጉር በብዛት የሚረግፍበትን ሁኔታ እ.ኤ.አ. በ1961 «ቴሎጄን ኤፍሉቪየም» ብለው ሰየሙት። እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ ጆን ሄዲንግተን የተባሉ ሌላ ሐኪም ይህን መርገፍ በአምስት ከፍለው ሲያስቀምጡ፣ ሚኖክሲዲል ሲጀመር የሚታየውን «ያረፈው ፀጉር ቶሎ ሲለቅ» በሚለው ክፍል ውስጥ መደቡት። ከወሊድ በኋላ የሚመጣው በሌላ ክፍል ነው። በእርግዝና ጊዜ ፀጉሩ ማረፍ ሲገባው ማደጉን ይቀጥልና ከወለደች ከሦስትና ከአራት ወር በኋላ ዕዳው በአንድ ጊዜ ይከፈላል። ሁለቱም ሲያዩት ያስደነግጣሉ፤ ሁለቱም ሥሩን አይገድሉም።

መድኃኒቱ ራሱ የተገኘው ለሌላ ነገር ሲፈለግ ነው። አፕጆን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሚኖክሲዲልን የሠራው ለደም ግፊት ነበር፤ ክኒኑ ሎኒተን በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1979 ተፈቀደ። ገና በሙከራ ላይ ሳለ የወሰዱት ሰዎች ፊታቸውና ክንዳቸው ፀጉር አበቀለ። ከዚህ ተነሥተው መድኃኒቱ ራስ ላይ ቢቀባስ ብለው ካሰቡት አንዱ ጉንተር ካን ነበሩ። እኚህ ሐኪም በልጅነታቸው ከቤተሰባቸው ጋር ከናዚ ጀርመን ሸሽተው አሜሪካ የገቡ ስደተኛ ናቸው፤ ስማቸው በፈጠራ መብቱ ላይ እንዲገባም ከኩባንያው ጋር ብዙ ዓመት ተከራክረዋል። የሚቀባው ባለ 2 ከመቶ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ተፈቀደ፣ ባለ 5 ከመቶው ለወንዶች በ1997 ተከተለ።

ስንት ሲረግፍ ነው «በዛ» የሚባለው?

መርገፉ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ በስምንተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት መካከልም ይረጋጋል። በእኔ ላይ የጀመረው በአራተኛው ሳምንት ሲሆን ለአምስት ሳምንት ያህል ዘልቋል። ሦስት ወር አልፎት ያው ከሆነ «የመጀመሪያው መርገፍ ነው» ብሎ መቀመጥ አይገባም።

እዚህ ላይ በአውሮፓ በራሪ ወረቀቶች ውስጥ የማይገኝ፣ የእኛን ሴቶች ግን በጣም የሚመለከት ስሌት አለ። በቀን 50 ወይም 100 የሚለው ቁጥር ፀጉሩን በየቀኑ ለሚያበጥርና በየሁለት ቀኑ ለሚታጠብ ሰው የተነገረ ነው። ሹሩባ የተሠራች ሴት የረገፈው ፀጉሯ ከሹሩባው ውስጥ መውጣት አይችልም፤ ተይዞ ይቆያል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሹሩባውን ስትፈታው የ21 ቀን ድርሻ፣ ማለትም ከ1,000 እስከ 2,000 የሚደርስ ፀጉር፣ በአንድ ጊዜ በእጇ ይወጣል። መጠኑ እፍኝ ይሞላል፤ ግን ጤነኛ ነው። መድኃኒት ከጀመረች በኋላ ሹሩባውን ፈትታ ይህን ስታይ «መድኃኒቱ ጨረሰኝ» ብትል አይፈረድባትም። ለማወዳደር ከተፈለገ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት በተመሳሳይ የቀን ብዛት የተፈታ ሹሩባ ምን ያህል እንዳወጣ ማስታወስ ያስፈልጋል። ዊግ ወይም ሂውማን ሄር ለምታደርግም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛው ነገር የወደቀውን ፀጉር ማየት ነው። አንዱን አንስተው ነጭ ወይም ጥቁር ወረቀት ላይ ያስተኙት። ጫፉ ላይ እንደ ክብሪት ራስ ያለች ትንሽ ነጭ ነገር ካለች ፀጉሩ ዕረፍቱን ጨርሶ ከሥሩ የወጣ ነው። እንዲህ ያለችውን ነጭ ነገር አይቶ «ከነሥሩ ተነቀለ፣ ከእንግዲህ አይበቅልም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ሥሩ ግን ቆዳው ውስጥ ቀርቷል። በአንጻሩ የወደቁት ቁርጥራጮች ሆነው በሁለቱም ጫፍ ምንም ነገር ከሌላቸው ፀጉሩ እየተሰበረ እንጂ እየረገፈ አይደለም። ምክንያቱም ከፓይስትራ፣ ከካስክ ሙቀት፣ ከሪላክሰር ወይም ከድርቀት መፈለግ አለበት። ሚኖክሲዲል ለተሰበረ ፀጉር የሚያደርግለት ነገር የለም።

ብዙዎች የሚከስሱት ውኃውን ነው። «የጄኔቭ ውኃ ኖራ አለበት»፣ «የዙሪክ ውኃ ፀጉር ይበላል» ይባላል። ሁለቱም ከተሞች የሚጠጡት በአብዛኛው ከየሐይቃቸው የተጣራ ውኃ ነው። ማዕድን የበዛበት ውኃ ፀጉርን ሊያደርቅና ሊያሻክር ይችላል፤ ከሥር የሚያረግፈው ነገር ግን አይደለም። ቧንቧ ላይ የሚገጠም ውድ ማጣሪያ ከመግዛት የደም ምርመራ ማድረግ ይሻላል።

የዙሪክ ክረምትና በጋ

ከውኃው ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ወቅቱ ነው። ይህ ደግሞ የተጠናው እዚሁ ዙሪክ ውስጥ ነው። በፀጉር ሕክምና የታወቁት ዶክተር ራልፍ ትሩብና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ፀጉራችን ይረግፋል ብለው የመጡ፣ ሌላ ሕመም የሌለባቸው 823 ሴቶችን መዝገብ መረመሩ። ፀጉር ተነቅሎ በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ትሪኮግራም የተባለ ምርመራ ተደርጎላቸው ነበር። በዕረፍት ላይ ያለው ፀጉር ከፍተኛ ሆኖ የተገኘው በሐምሌ ወር ነው፤ በሚያዝያም ከዚያ ያነሰ ሌላ ከፍታ ነበረው፤ ዝቅተኛው በየካቲት መጀመሪያ አካባቢ ታየ። ያረፈ ፀጉር የሚወድቀው ወራት ቆይቶ ስለሆነ በሐምሌ ያረፈው በመጸው፣ ቅጠሉ ሲረግፍ አብሮ ይረግፋል።

ለዚህ የቀኑ ርዝመት ምክንያት ሳይሆን አይቀርም የሚል ግምት አለ። አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ዙሪክ ላይ ልዩነቱ ከሰባት ሰዓት ይበልጣል። የተጠኑት እኛ ስላልሆንን ቁጥሩ በእኛም ላይ እንዲሁ ይሆናል ለማለት አልደፍርም። ሆኖም ለማቀድ ይጠቅማል። በነሐሴ መጨረሻ መድኃኒት የጀመረ ሰው የመድኃኒቱና የወቅቱ መርገፍ ሊገጣጠሙበት ይችላሉ። የሚጣደፍበት ነገር ከሌለ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ መጀመር ለነርቭ ይሻላል እላለሁ፤ ይህ የሐኪም ትእዛዝ ሳይሆን የእኔ ምክር ነው።

ሌሎችም ከመድኃኒቱ ጋር ተገጣጥመው የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። ከባድ ትኩሳት ያለው ሕመም፣ ለምሳሌ ወባ፣ ታይፎይድ ወይም ኮቪድ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ወሊድ፣ በአጭር ጊዜ ብዙ ኪሎ መቀነስ፣ የብረት እጥረት፣ የታይሮይድ እጢ መታወክ፤ እነዚህ ሁሉ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ፀጉር ያረግፋሉ። ሀገር ቤት በጥር ሄዶ ታሞ የመጣ ሰው በመጋቢት መድኃኒት ቢጀምርና በሚያዝያ ፀጉሩ ቢረግፍ ጥፋተኛው የጥሩ ትኩሳት ሊሆን ይችላል። ጾምም ይነሣል። ምስሩንና ሽሮውን በሥርዓት የሚበላ ጿሚ በዚህ የሚያሰጋው ነገር ያለ አይመስለኝም። በሁለት ፈረቃ እየሠሩ እስከ ማታ በሻይና በዳቦ መዋል ግን ጾምም ምግብም አይደለም። ለማንኛውም ፌሪቲን የሚባለውን የብረት ክምችትና ቲኤስኤች የሚባለውን የታይሮይድ ምርመራ ለቤተሰብ ሐኪም ማንሳት ተገቢ ነው።

መታገሥ የማይገባበት

የዚህ ጽሑፍ ዋነኛ ክፍል ይኸው ነው። ጄኔቭ ሳለሁ ለአንዲት እህታችን ላስተረጉም ሄጄ ነበር። መሐል አናቷ ላይ የሳሳ ቦታ ነበራት፤ ሲነኩት ያቃጥላታል፣ አንዳንዴም ያሳክካታል። በጓደኛ ምክር ሚኖክሲዲል ጀምራ፣ ሲረግፍባት «መጀመሪያ ይረግፋል» ተብላ ስምንት ወር ታገሠች። ሐኪሟ በመሣሪያ አጉልታ ስታየው ፀጉር የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች በብዙ ቦታ ጠፍተዋል፣ ቆዳው ለስልሶ ያብረቀርቃል። ከራስ ቆዳዋ ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ ተመረመረና ጠባሳ የሚተው የፀጉር በሽታ ሆኖ ተገኘ። ስምንቱ ወር የባከነው መድኃኒቱ ስለጎዳት አልነበረም፤ እብጠቱን የሚያበርደው ሕክምና በዚያ ሁሉ ጊዜ ስላልተጀመረ ነው። የጠፋው ሥር አይመለስም።

ይህ በሽታ ከመሐል አናት ተነሥቶ ወደ ዳር እየሰፋ የሚሄድ ሲሆን በአብዛኛው የሚታየው በአፍሪካ ተወላጅ ሴቶች ላይ ነው። ለብዙ ዓመታት ጥፋቱ በፀጉር አሠራር ላይ ብቻ ይጣል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ግን በአንዳንዶቹ ታማሚዎች ላይ ፓዲ3 በተባለ የዘር ቅንጣት ላይ ለውጥ መኖሩን አሳይቷል፤ በዘር የሚወረስበትም ጊዜ አለ ማለት ነው። እናት ወይም አክስት መሐል አናቷ ከሳሳ ለሐኪሙ መንገር ይጠቅማል።

ሁለተኛው ከመሳብ የሚመጣው ነው። በጥብቅ የተጎነጎነ ሹሩባና የሚከብድ ቅጥል ፀጉር ግንባሩንና የጆሮ ግንዱን አካባቢ ይገፋዋል። ቶሎ ከተተወ ይመለሳል፤ ዓመታት ከቆየ እርሱም ጠባሳ ይሆናል። ሹሩባው እየተጠበቀ ሚኖክሲዲል መቀባት በአንድ እጅ ውኃ እየቀዱ በሌላው ማፍሰስ ነው። በክብ በክብ የሚመልጠው፣ ብዙዎቻችን ላሽ የምንለው፣ ሰውነት የራሱን ሥሮች ሲዋጋ የሚመጣ ሲሆን ሕክምናው ሌላ ነው። በልጆች ላይ የሚታየው ቆረቆር ደግሞ የሚዋጥ የፈንገስ መድኃኒት ይፈልጋል። እንግዲህ ማቃጠል፣ ሕመም፣ መግል፣ ቅርፊት፣ ክብ ባዶ ቦታ፣ የቅንድብ መሳሳት፣ ወይም የሚያብረቀርቅ ቆዳ ካለ ቀጠሮ መያዝ እንጂ ሳምንት መቁጠር አያስፈልግም።

በሌላ በኩል ማሳከክ ሁሉ የበሽታ ምልክት አይደለም። በፈሳሹ ሚኖክሲዲል ውስጥ ያለው ፕሮፒሊን ግላይኮል የተባለ ማሟሟቂያ የብዙ ሰው ቆዳ አይስማማውም። አረፋው ይህ ነገር የለበትም፤ ወደ እርሱ ሲለወጥ ማሳከኩ ከቀረ ምክንያቱ ታወቀ።

ስለሌላው መድኃኒት ጥቂት

ፊናስተራይድ ለወንዶች የሚሰጥ ክኒን ነው። መጀመሪያ ለፕሮስቴት እጢ በ5 ሚሊግራም፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ ለፀጉር በ1 ሚሊግራም በአሜሪካ ተፈቀደ። ሥሩን የሚያቀጭጨውን ዳይሃይድሮቴስቶስቴሮን የተባለ ሆርሞን ይቀንሳል። በዚህኛው መድኃኒት ጊዜ የሚረግፍባቸው ሰዎች ቢኖሩም እንደ ሚኖክሲዲል የተለመደና በግልጽ የተመዘገበ አይደለም። ዋናው ሥራው ያለውን ማቆየት ነው። 1,553 ወንዶች በተሳተፉበት ትልቅ ሙከራ ከሁለት ዓመት በኋላ የፀጉር ቁጥራቸው ያልቀነሰባቸው ከወሰዱት 83 ከመቶ፣ ካልወሰዱት 28 ከመቶ ነበሩ።

ከመርገፉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ሌላው ጉዳቱ ነው። የወሲብ ፍላጎት መቀነስና የስሜት መጫን በአንዳንዶች ላይ ይታያል። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2025 ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከክኒኑ የጎንዮሽ ጉዳቶች አንዱ መሆኑን አረጋግጧል። ብቻውን በሚኖር ስደተኛ ላይ የስሜት ለውጥ የሚያስተውል ሰው ስለሌለ፣ የሚጀምር ሰው ቢያንስ ለአንድ ወዳጁ ቢነግር መልካም ነው። ነፍሰ ጡር ወይም ልታረግዝ የምትችል ሴት የተሰበረውን ክኒን በእጇ መንካት የለባትም። የ5 ሚሊግራሙን ክኒን ኩሽና ውስጥ በቢላ የሚከፋፍሉ ባሎች ይህን ልብ ይበሉ። ክኒኑ የፕሮስቴት ካንሰር የሚጠቆምበትን ፒኤስኤ የተባለ የደም ቁጥር በግማሽ ያህል ስለሚያወርድ ለመርማሪው ሐኪም ሳይነግሩ መመርመርም አይገባም።

ሚኖክሲዲልን በትንሽ መጠን በክኒን መስጠትም ባለፉት ዓመታት ተስፋፍቷል። ይህ የደም ግፊት መድኃኒት መሆኑ መረሳት የለበትም፤ እግር ሊያሳብጥና ልብ ሊያስመታ ስለሚችል ሐኪም ሳያይ በፖስታ አስመጥቶ መዋጥ አደገኛ ነው።

እዚህ ሀገር እንዴት ይገኛል?

ሚኖክሲዲል በመድኃኒት ቤት ይገኛል፤ ፊናስተራይድ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ነው። ለዘር ራሰ በራነት ሁለቱንም መሠረታዊው የጤና መድን አይከፍልም። ሐኪም ጋ ቀርቦ በሽታውን ማስመርመር ግን ይሸፈናል፤ እርግጥ ከ300 እስከ 2,500 ፍራንክ እንደመረጡት ፍራንሺዙ እስኪሞላ ከኪስ ነው፣ ከዚያም በኋላ እስከ 700 ፍራንክ ድረስ አሥር ከመቶው የእርስዎ ነው። ከፍተኛውን ፍራንሺዝ የያዘ ሰው ወጪውን ፈርቶ ሐኪም ዘንድ አልሄድም ማለቱ ይገባኛል። ሆኖም የዓመት መድኃኒት ዋጋና የአንድ ምርመራ ዋጋ ይወዳደር፤ በተሳሳተ በሽታ ላይ የሚቀባ መድኃኒት ከሁሉም ይወደዳል። ከውጭ ሀገር ለግል ጥቅም ማስመጣት የሚፈቀደውም ለአንድ ወር የሚበቃ መጠን ብቻ ነው።

ሲቀባ ፀጉሩን ሳይሆን የራስ ቆዳውን ነው። ቆዳው ደረቅ መሆን አለበት፣ ከተቀባም በኋላ አራት ሰዓት ያህል አይታጠብም። ቅቤ ለሚቀቡ፣ መድኃኒቱ ይቅደም፤ ደርቆ ሲያበቃ ቅቤው ፀጉሩን እንጂ ቆዳውን ሳይነካ ይከተል። በቅቤ በተሸፈነ ቆዳ ላይ የፈሰሰ መድኃኒት ወደ ትራስ ነው የሚሄደው። እጅ በደንብ ይታጠብ። አባት መድኃኒት በተቀባ ራሱ ላይ ሕፃን እንዳያስተኛ፣ በአውሮፓ ሕፃናት በዚህ ንክኪ ሰውነታቸው ፀጉር ማብቀሉ ተመዝግቧል። ድመት ላለው ደግሞ፣ ሚኖክሲዲል ድመትን ይገድላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አትጠቀምበትም።

መርገፉ ካለፈ በኋላ ቶሎ ለውጥ አይጠበቅ። ፀጉር በወር አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ በጣም የተጠቀለለው ከዚያም ዝግ ይላል፣ ተጠቅልሎም ስለሚያጥር ርዝመቱ አይታይም። በአራተኛው ወር ጥቂት ለውጥ፣ በስድስተኛው ጥሩ ግምት፣ በአሥራ ሁለተኛው ደግሞ ፍርድ ይሰጣል። ያልረገፈበት ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ አይጨነቅ፤ የረገፈበትም «ሠርቶልኛል» ብሎ እርግጠኛ አይሁን። መድኃኒቱ ቆዳ ውስጥ ወደ ሥራ የሚለወጠው በአንድ ኤንዛይም ስለሆነና ይህ ኤንዛይም ከሰው ሰው ስለሚለያይ የማይሠራላቸው አሉ። የሠራለት ሰውም ሲያቆም ያገኘውን በጥቂት ወራት ውስጥ መልሶ ያጣል፤ እኔም የዕድሜ ልክ ውል መሆኑን አውቄ ነው የገባሁበት።

ቀጠሮ ለመያዝ ጄኔቭ ላይ «ሹት ደ ሽቮ»፣ ዙሪክ ላይ «ሃርአውስፋል» ማለት ይበቃል። የቆዳ ሐኪም በፈረንሳይኛ ዴርማቶሎግ፣ በጀርመንኛ ሃውትአርትስት ነው። የሁለቱም ከተሞች የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የቆዳ ክፍል አላቸው፤ በቤተሰብ ሐኪም ወረቀት ይኬዳል፣ ወረፋውም ወራት ሊፈጅ ይችላል። ሲሄዱ መድኃኒቱን የጀመሩበትን ቀን፣ ባለፉት ስድስት ወራት የታመሙትንና የወሰዱትን ሁሉ ጽፈው፣ በአንድ ቦታና በአንድ ብርሃን በየወሩ የተነሡ ፎቶግራፎች ይዘው ይሂዱ። ሹሩባ ተሠርተው፣ ቅቤ ወይም ዘይት ተቀብተው እንዳይሄዱ። አንዲት እህት ሐኪም ፊት ልቅረብ ብላ ከዋዜማው አምራ ተሠርታ መጣች። ሐኪሙ የራስ ቆዳዋን ማየት ስላልቻለ ሁለተኛ ቀጠሮ ሰጣት፤ እርሱም ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ ነበር።

ቸር ይግጠመን።